ቃል የሌለው ጊታር፦ ሰርፍ፣ ፍላሜንኮና ላቲን እንዴት ተግባቡ?

ስድስት_ክር — እሑድ ማታ

ሰላም ቤቶች። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ያዙ።

ከወር ወዲህ አንድ ዓይነት ሙዚቃ ጆሮዬን ይዞታል። ዘፋኝ የለውም። ኤሌክትሪክ ጊታሩ እርጥብ ነው፣ ከጉድጓድ ተጎትቶ የወጣ ይመስላል። ከኋላው የናይሎን ጊታር እንደ እስፓኞቹ ይርመሰመሳል፣ ከዚያ ቦንጎው ይገባል። እኛ ሰፈር ይሄን ሁሉ «ክላሲካል» ነው የምንለው። ድምፃዊ ከሌለበት ሞዛርትም ይሁን የማስታወቂያ ማጀቢያ ክላሲካል ነው፣ አለቀ። ፈረንጆቹ ግን ኢንስትሩመንታል ሮክ ይሉታል፣ ውስጡም ሰርፍ፣ ፍላሜንኮና ላቲን ተቀላቅሏል ይላሉ።

ያልገባኝ እዚህ ጋ ነው። ሰርፍ የካሊፎርኒያ የባሕር ዳር ልጆች ጨዋታ ነው። ፍላሜንኮ የደቡብ እስፔን ነው። ላቲኑ ከኩባ፣ ከሜክሲኮ፣ ከዚያ ሁሉ አገር ነው። ሦስቱ ሲገናኙ ግን አንድ እናት የወለደቻቸው ይመስላሉ። ለምን?

ሁለተኛው ጉዳይ የራሴ ጉድ ነው። ያለችኝ ከአጎቴ የደረሰችኝ ክላሲክ ጊታር ናት። እንደ ሰርፎቹ ትጩህልኝ ብዬ ናይሎኑን አውጥቼ የብረት ክር አሰርኩባት። በሦስተኛው ሌሊት «ጧ!» አለ። ሌባ መስሎኝ ተነሳሁ። ብሪጁ (ክሩ የሚታሰርበት እንጨት) ከነክሩ ተነቅሎ የፊቷን እንጨት ስንጣሪ ይዞ መጥቷል። አሁን የጓደኛዬን ኤሌክትሪክ ጊታር ተውሼ ነው የምሞክረው። የምታውቁ አስረዱኝ።


ሪቨርብ_ሱስ — እሑድ ማታ

ወንድሜ ለጊታርህ ነፍስ ይማር። የብረት ክር ከናይሎኑ ሁለት እጥፍ ገደማ ነው የሚስበው፣ ክላሲክ ጊታር ለዚያ አልተሠራችም። ብሪጁ ንጹሕ ከተነቀለ ግን ይድናል፣ አትጣላት። በኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ ጥያቄህ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ሰርፍን «የካሊፎርኒያ ልጆች ጨዋታ» ብለህ ስትጀምር ነው የተሳሳትከው። የሰርፍ ጊታር ንጉሥ የሚሉት ዲክ ዴል የአባቱ ስም ሞንሱር ነው። በ1937 ቦስተን ተወለደ፣ አባቱ ሊባኖሳዊ። አጎቱ ዑድ የሚሉትን የዐረቦች ባለ ክር መሣሪያ ይጫወት ነበር፣ ልጁም ከአጎቱ ጋር ዳርቡካ የሚባለውን ከበሮ እየመታ ነው ያደገው። ያ ክሩን በፍጥነት የሚያርገፈግፈው ቀኝ እጅ፣ ማለቴ ግራ እጅ፣ ሰውዬው ግራኝ ነው፣ ከዚያ ነው የመጣው። ክሩንም ሳይገለብጥ ነበር የሚጫወተው፣ ወፍራሙ ክር ከታች ማለት ነው።

በ1962 የቀረጸው «ሚሰርሉ» የምታውቀው ነው፣ ባታውቀውም ታውቀዋለህ፣ የ1994ቱ «ፐልፕ ፊክሽን» የሚከፈትበት ጊታር ነው። ዜማው የምሥራቅ ሜዲትራኒያን የሕዝብ ዜማ ነው። እስከሚታወቀው ድረስ መጀመሪያ የተቀረጸው በ1927 ኒውዮርክ ውስጥ በግሪክኛ ነው። ስሙ «ግብፃዊቷ» ማለት ነው። እኛስ በድሮ መጻሕፍት ግብፅን «ምስር» እንል የለ? እሷው ናት። ስለዚህ ሰርፍ ገና ሲወለድ አንድ እግሩ ካሊፎርኒያ ነበር፣ አንዱ ሜዲትራኒያን።

እኔ ያለሁት ሎስ አንጀለስ አካባቢ ነው። ዴል ይጫወትበት የነበረውን ባልቦአ ያለውን ራንዴቩ አዳራሽ ላይ ብዬ አንድ ቅዳሜ ሄጄ ነበር። አዳራሹ በ1966 ተቃጥሏል። አሁን ኮንዶሚኒየም ነው፣ በዕጣ የሚወጣው ዓይነት አይደለም እንጂ። የመታሰቢያ ሰሌዳውን አንብቤ፣ አይስክሬም በልቼ ተመለስኩ።


አትጨቅጭቁኝ — እሑድ ማታ

ክላሲካል ነው በቃ።


ሰብለ_ከሴቪያ — ሰኞ ጠዋት

አዎ፣ ሜዲትራኒያኑ ልክ ነው፣ ግን ታሪኩ ብቻ አይበቃም። ጊታርህን አንሣና በእጅህ እየው። ኤ ማይነር፣ ጂ፣ ኤፍ፣ ኢ። አራት ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች)፣ ደረጃ እንደ መውረድ። የመጨረሻዋ እርምጃ፣ ከኤፍ ወደ ኢ፣ ግማሽ ናት፣ አንድ ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ በብረት የተከፈለች አንዲት ቦታ)። ሁሉ ነገር እሷ ላይ ነው ያለው። ሌላ ሙዚቃ ቢሆን ወደ ኤ ማይነር ተመልሰህ ቤትህ ትገባ ነበር። እዚህ ግን ኢ ላይ ትቆማለህ፣ በሩ ላይ ቆመህ ሳትገባ እንደ መቅረት። ፍላሜንኮ የሚኖረው እዚያ በር ላይ ነው። የሰርፍ ባንዶችም ያችን አንዲት ፍሬት ይወዷታል። ቤል ኤርስ የሚባሉት የሎስ አንጀለስ ልጆች በ1961 ያወጡት «ሚስተር ሞቶ» መግቢያውን ብትሰማው የእስፔን ጊታር ነው የሚያስመስለው።

«ማላጌኛ»ን ደግሞ ተመልከት። የጻፈው ኧርኔስቶ ሌኩዎና ኩባዊ ነው፣ ፒያኖ ተጫዋች ነው፣ የጻፈው ግን ስለ እስፔን ነው። ከዚያ በ1964 ትራሽመን የሚባሉ ልጆች በሰርፍ ጊታር አወጡት። ልጆቹ የሚኔሶታ ናቸው። ሚኔሶታ ባሕር የለም! በረዶ ነው ያለው።

ላቲኑ እንዴት ገባ ላልከው፣ እሱ መች ወጣና። የእስፔን ሰዎች «ሄደው የተመለሱ ዘፈኖች» የሚሏቸው አሉ፣ ከአንዳሉሲያ በመርከብ ወደ ኩባና ወደ ላቲን አሜሪካ ሄደው፣ እዚያ ፀሐይ መትቷቸው ተመልሰው የመጡ። የፍላሜንኮ ሩምባ የኩባ ደም አለበት። ምቱ አራት ስለሆነ ከሮክ ድራም ጋር ሳይጣላ ይሄዳል። ስለዚህ ሰው «ፍላሜንኮ ሮክ» ሲልህ ዘጠና በመቶው ሩምባ ነው። ዘጠና ያልኩት ከራሴ ነው፣ አትያዙኝ። ፓኮ ዴ ሉሲያ በ1973 በቦንጎና በቤዝ ጊታር ያወጣው «ኤንትሬ ዶስ አጉዋስ» ሩምባ ነው፣ ትርጉሙም «በሁለት ውሃዎች መካከል» ነው። እሱ የተወለደባት አልሄሲራስ ደግሞ ሜዲትራኒያንና አትላንቲክ ከሚገናኙበት ወሽመጥ አጠገብ ናት።

ግን አንድ ኤፍ ስላስገባህ ፍላሜንኮ ተጫወትክ ማለት አይደለም። እኔ እዚህ አሮጊት እየጦርኩ ቅዳሜ ቅዳሜ ጊታር እማራለሁ። አስተማሪዬ መጀመሪያ ቀን ጊታሬን ተቀብሎኝ ጥግ አስቀመጠው። ሦስት ወር ሙሉ ጭብጨባ ብቻ። ቡሌሪያ የሚሉት ምት አሥራ ሁለት ነው፣ የሚጠብቀው 12፣ 3፣ 6፣ 8፣ 10 ላይ ነው። ሁለት ጊዜ ሦስት፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ ሁለት። የመጀመሪያው ግማሽ ለኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም፣ ችክችካ ያደገበት ሰው ወዲያው ይይዘዋል። ሁለተኛው ግማሽ ላይ ነው ጉዱ። እኔ ስምንት ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እወድቃለሁ።


ስድስት_ክር — ሰኞ ማታ

ሰብሊ እግዜር ይስጥሽ። ያልሽውን አራት ኮርድ በስልኬ ቀርጬ እያዞርኩ በላዩ ላይ በወፍራሙ ክር ብቻ ስነካካ አንድ ነገር አገኘሁ፣ እጄ ነው የሚንቀጠቀጠው። ክፍት ክሩ፣ አንደኛው ፍሬት፣ አምስተኛው፣ ሰባተኛው፣ ስምንተኛው። ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ። ይሄ አምባሰል አይደለም እንዴ?! ኤፍና ኢን ስመላለስባቸው ራሱ ነው። ከኮርዶቹም ጋር አይጣላም!


ሰብለ_ከሴቪያ — ሰኞ ማታ

ቆይ ሞከርኩት። ልክ ነህ። አምባሰል ውስጥ ጂ የለም። የመጨረሻው ኮርድ ኢ ሜጀር ደግሞ ጂ ሻርፕ አለው፣ ስለዚህ የሚጋጭ ነገር የለም። እንዴት እስከ ዛሬ ሳላየው? አስተማሪዬን ልጠይቀው፣ «የኛ አገር ነው» ብዬ ላናድደው።


የወሎ_ልጅ — ማክሰኞ ጠዋት

ቀስ በሉ እንጂ። አምስት ድምፅ ስለገጠመ አምባሰል ሆነ ማለት ነው? እህታችን «ኤፍ ስላስገባህ ፍላሜንኮ አይሆንም» ስትል አጨበጨባችሁ፣ የኛ ሲሆን ግን በነፃ። አምባሰል አካሄድ አለው፣ የት እንደሚያርፍ፣ የት እንደሚዘገይ፣ የት እንደሚሰበር። ማሪቱ ለገሠ ስታዜመው አንዱን ድምፅ ስንት ቦታ እንደምትሰብረው ስማና ከዚያ ፍሬት ቁጠር። ጊታር በፍሬት የታጠረ ግቢ ነው፣ ማሲንቆ ሜዳ ነው።

አንድ ነገር ግን አምኛለሁ። ያንን የሊባኖሱን ልጅ ዜማ ሰማሁት። መግቢያውን በአንድ ወፍራም ክር ላይ ብቻ ነው እየተንሸራተተ የሚጫወተው። እሱን የማሲንቆ ልጅ ያውቀዋል። ከሌለህ አንድ ክር ላይ ሁሉንም ትፈልጋለህ።


ጋሽ_ቤዝ — ማክሰኞ ከሰዓት

ልጆች፣ ጥሩ ጨዋታ ይዛችኋል። ጣቴ ለመጻፍ ሰነፍ ነው፣ ታገሡኝ።

እኔ ያደግኩት አስመራ ነው። ቃኘው የአሜሪካኖቹ ጦር ሰፈር ለወታደሮቹ የሚያሰማው ሬዲዮ ነበረው፣ እኛም በየቤታችን እናዳምጥ ነበር። በ1960 ሻዶውስ የሚባሉት እንግሊዞች «አፓቼ»ን፣ ቬንቸርስ የሚባሉት አሜሪካኖች ደግሞ «ዎክ ዶንት ራን»ን አወጡ። ሁለቱም ቃል የላቸውም። ለኛ ይሄ ትልቅ ነገር ነበር፣ እንግሊዝኛ ስለሌለን። ዘፈን ቢሆን ግጥሙን እንደ በቀቀን እንሸመድዳለን፣ ትርጉሙን የሚያውቅ ሰው ሲመጣ እናፍራለን። ጊታር ግን ሁሉም የሚሰማው እኩል ነው። ቬንቸርስ ጃፓን ውስጥ እንደዚያ የነገሡትም ለዚሁ ይመስለኛል።

ስለ ላቲኑ ስታወሩ የራሳችሁን ሰው ረሳችሁ። ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 ኒውዮርክ ላይ ያወጣው ሸክላ ርዕሱ «አፍሮ ላቲን ሶል» ነው። ጊታር ሳይሆን ቫይብራፎን ነው፣ ግን የኛን ቅኝት ከላቲን ከበሮ ጋር ማስቀመጥ እናንተ ትናንት ማታ የጀመራችሁት ነገር አይደለም።

ስድስት ክር፣ አንተ ልጅ ሊድ ሊድ አትበል፣ ዜማውን ለመምራት አትቸኩል። መጀመሪያ ምቱን ያዝ። የሰርፍ ድራም ቀላል ይመስላል፦ ዱም፣ ታታ፣ ዱም፣ ታ። ሁለተኛው ላይ ስኔሩ («ታ» የሚለው ከበሮ) ሁለቴ ነው። እሱን በጉልበትህ ላይ እየመታህ ካልተረጋጋህ ጣትህ የትም አይደርስም።


አትጨቅጭቁኝ — ማክሰኞ ከሰዓት

ይሄን ሁሉ ጻፋችሁና ሳንታናን የጠራ የለም። አባቱ የማሪያቺ ቫዮሊን ተጫዋች፣ ራሱ ቲዋና ውስጥ በየመጠጥ ቤቱ ያደገ፣ በ1970 «ሳምባ ፓ ቲ»ን ያለ ቃል የተጫወተ ሰውዬ። አንዷን ድምፅ ይዞ ሲቆይ ቡናህ ይቀዘቅዛል። ሂዱ ስሙና ኑ።


ሪቨርብ_ሱስ — ማክሰኞ ማታ

ኧረ አትጨቅጭቁኝ ጉድ ነው፣ ሰው መሰልክ!

ሁላችሁም ግን ሪቨርቡን ዘላችሁታል። ያ «እርጥብ» ያልከው ድምፅ ማለት ሣጥን ውስጥ የተወጠረ ሞላ ነው። የጊታሩ ድምፅ በአንድ ጫፍ ገብቶ ሞላውን ያንቀጠቅጠዋል፣ በሌላው ጫፍ የሚወጣው እየተንጠባጠበ ነው። ሮቶ ውስጥ ጭንቅላትህን ከተህ አንድ ቃል ብትናገር እሱን ታገኛለህ። ሐሳቡ ከሐሞንድ ኦርጋን የመጣ ነው፣ ፌንደር ለብቻው ሣጥን አድርጎ ያወጣው በ1961 ነው። ሪቨርብ ከሌለው ሰርፍ አይደለም፣ በዚህ አልደራደርም።


ጋሽ_ቤዝ — ማክሰኞ ማታ

ትደራደራለህ ልጄ። የሰርፍ የመጀመሪያው ሸክላ ነው ብለው ብዙዎች የሚጠሩት የዚያው የዲክ ዴል የ1961ዱ «ሌትስ ጎ ትሪፒን» ሪቨርብ አለው? ስማውና ንገረኝ።

የሞላውን ነገር ካነሣህ አይቀር፣ እኛ በምንጫወትበት ሆቴል አንድ ሞላ ያለው አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ነበረን። ድራመራችን ሲጋራ ሊለኩስ ሲነሣ በጉልበቱ ገጨው። እንደ መብረቅ ጮኸ። አንዲት ሙሽራ ከነቬሏ ከመድረኩ ሥር ስትሮጥ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ አምፑን ወንበር ላይ አወጣነው።


ሪቨርብ_ሱስ — ማክሰኞ ማታ

ጋሼ ሰማሁት። ደረቅ ነው። እንደ ብስኩት። እጄን ሰጥቻለሁ። ሙሽራዋ ግን ገደለችኝ 😂


ያፎ_በር — ረቡዕ

ከእስራኤል ነኝ። ስለ ሜዲትራኒያኑ አንድ ልጨምር። እዚህ በ60ዎቹ አሪስ ሳን የሚባል ግሪካዊ ነበር፣ ቡዙኪ (የግሪኮች ባለ ክር መሣሪያ) ላይ የሚደረገውን መርገፍገፍ ሁሉ በኤሌክትሪክ ጊታር ያደርገው የነበረ። ያፎ ውስጥ ክለብ ነበረው። ጊታሩን ስትሰሙት ሰርፍ ነው ትላላችሁ፣ እሱ ግን ሰርፍ ሊጫወት አላሰበም፣ የአገሩን ነው የተጫወተው። ዲክ ዴል ዑድን ወደ ጊታር አመጣ፣ ይሄኛው ቡዙኪን አመጣ፣ ሁለቱም አንድ ቦታ ደረሱ። ከእሱ ዘፈን ስሙን የወሰደ ቡም ፓም የሚባል የቴል አቪቭ ባንድ አለ፣ ሰርፍ ጊታርን ከቱባ፣ ከዚያ ከትልቁ የትንፋሽ መሣሪያ ጋር ነበር የሚጫወቱት። ቱባ! በቤዝ ጊታር ፋንታ። ጋሽ ቤዝ እንዳይቀየሙ።


ማንጎ_ጭማቂ — ረቡዕ ማታ

ፔሩን ሳትጠቅሱ ውይይቱ እንዳይዘጋ ብዬ ነው አካውንት የከፈትኩት።

እዚያ ቺቻ የሚሉት ነገር አለ። ከኮሎምቢያ የመጣ የኩምቢያ ምት፣ ከአንዲስ ተራራ የመጣ ዜማ፣ በሰርፍ ጊታር። ሎስ ዴስቴዮስን ኤንሪኬ ዴልጋዶ በ1966 ሊማ ላይ አቋቋመ። ከዚያ አማዞን ጫካ ውስጥ ነዳጅ ፍለጋ ሰው ሲጎርፍ፣ ከዚያው ከጫካ ከተሞች ሎስ ሚርሎስና ሁዋኔኮ ወጡ። አብዛኛው ጊታር ነው ዘፋኙ። ሁዋኔኮዎች በ1977 አምስት አባሎቻቸውን በአውሮፕላን አደጋ አጥተዋል። ከላቲን አሜሪካ ውጭ ያለው ሰው በደንብ ያወቃቸው በ2007 ስብስባቸው ኒውዮርክ ሲታተም ነው።

ለኛ ሰው ልዩ የሚያደርገው ደግሞ የአንዲስ ዜማ እንደኛው ባለ አምስት ድምፅ መሆኑ ነው። እናቴ ወጥ እየሠራች ከስልኬ ሰምታ «ይሄ የማን ልጅ ነው? ትዝታ የሚመስል ነገር እየነካካ» አለችኝ። የፔሩ ነው ስላት አላመነችም።


የወሎ_ልጅ — ረቡዕ ማታ

እናትህ ጆሮ አላቸው። ይሄን ልሰማ ነው።


ስድስት_ክር — ዓርብ ማታ

እሺ። ሁለት ቀን ሥራ ላይ «ዱም ታታ» ስል ሰነበትኩ፣ አለቃዬ ጭንቅላቴን አሞኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ትናንት ማታ ቀረጽኩት። አራቱ ኮርድ ከሥር፣ ከላይ አምባሰሉ (የወሎ ልጅ፣ ይቅርታ፣ «አምባሰል መሳይ») በፒክ (ክር መምቻዋ) እየተርገፈገፈ። ሁለት ደቂቃ ሞላኝ። ከሦስተኛው ሙከራ በኋላ ፒኬ ጫፉ እንደ ጥርስ ተበልቶ አገኘሁት። ዲክ ዴል ፒክ ያቀልጥ ነበር የሚሉትን አሁን አመንኩ። አራተኛው ሙከራ ላይ መብራት ጠፋ። ያለው ቅጂ ሦስተኛው ነው፣ እነሆ ላክሁት።


ጋሽ_ቤዝ — ዓርብ ማታ

ሰማሁት። መግቢያው ያምራል። ኤፍ ላይ ስትደርስ ግን ትሮጣለህ። ኢ ጋ ለመድረስ ቸኩለህ ነው። አትቸኩል፣ የትም አይሄድም። ፒኩንም በክንድህ አትምታ፣ ከአንጓህ። ትከሻህ እየደከመ ከሆነ ስህተት ነው።


ሰብለ_ከሴቪያ — ዓርብ ማታ

እኔ ወድጄዋለሁ። ሮድሪጎና ጋብሪኤላ የሚባሉ ሜክሲኳውያን አሉ፣ ሄቪ ሜታል ባንድ ውስጥ ጀምረው፣ በ1999 ደብሊን ሄደው በሁለት የናይሎን ጊታር ዓለምን የዞሩ። ሰው ሁሉ ፍላሜንኮ ነው ይላቸዋል፣ እነሱ አይደለም ይላሉ። የጋብሪኤላን ቀኝ እጅ ብቻ ተመልከት፣ ክሩን ስትመታና የጊታሩን እንጨት ስትደበድብ ድራመር አያስፈልጋትም። ጊታርሽ ከዳነች ማለቴ... ጊታርህ ከዳነች እሱን ሞክር። አስተማሪዬ ግን አምባሰሉን ሰምቶ ምን አለኝ መሰለህ፦ «ደህና ነው፣ ጭብጨባው የታለ?»


ሪቨርብ_ሱስ — ቅዳሜ ጠዋት

ብሪጁን እንዳልረሳው። ሱፐር ግሉ እንዳትነካ! የድሮውን ሙጫ በቀስታ ፍቀህ አውጣ፣ እንጨቱ እንጨት እስኪነካ። የአናጢ ኮላ ስስ አድርገህ ቀባ፣ ስንጣሪዎቹን እንደ ነበሩ አግጥም፣ በቀዳዳዋ በኩል በሞርሳ እሰር፣ 24 ሰዓት እንዳትነካት። ከዚያ ናይሎን። ናይሎን ብቻ!


ስድስት_ክር — ቅዳሜ ማታ

ሰፈራችን ያለው አናጢ ሞርሳውን በነፃ ሰጠኝ፣ ግን ጊታሯን ሲያያት «ይቺን በር እናድርጋት?» አለኝ። አሁን ተጣብቃ ጠረጴዛ ላይ ናት፣ ነገ ማታ ትፈታለች። ኤሌክትሪኩን ጓደኛዬ ወስዶታል። ስለዚህ ቡሌሪያውን በጭብጨባ ጀምሬዋለሁ። ሰብሊ፣ እኔም ስምንት ላይ ነው የምወድቀው። ከላይ ያሉት ጎረቤቶቼ ደግሞ ጸሎት ቤት የከፈትኩ መስሏቸው በስንት ሰዓት እንደሚጀምር ጠየቁኝ።


አትጨቅጭቁኝ — ቅዳሜ ማታ

በስንት ሰዓት ነው?